የቢሮ ኢሜይል ሰርቨር ሲታደስ መስመር የጠፋበት ቀን ይታሰብ

‹‹የሕግ ሰው ስለ ሰርቨር ምን አገባው?›› የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ያገባኛል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልዕክት ሕጋዊ ዕውቅና ከሰጠ ወዲህ የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ማለት መዝገብ ቤት ማለት ነው። የጠፋ ኢሜይል የጠፋ ማስረጃ ነው።

ማይክሮሶፍት ለኤክስቼንጅ 2016 እና 2019 (ቁጥሮቹ የፈረንጅ ናቸው) ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተተኪው ‹‹ሰብስክሪፕሽን ኤዲሽን›› ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ወጥቷል። በ2019 ላይ ያለና ማሻሻያዎቹን ያልዘለለ ድርጅት እዚያው ማሽን ላይ ይጭነዋል። በ2016 ላይ ያለ ግን አዲስ ሰርቨር አቁሞ የመልዕክት ሳጥኖቹን ማዛወር ግድ ይለዋል።

ጣጣው የሚበዛው ከፊሉን ሳጥን በቢሮው፣ ከፊሉን በክላውድ ላይ በሚያስቀምጠው ‹‹ሃይብሪድ›› አሠራር ነው። ሐምሌ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ይፋ የተደረገው ክፍተት እንዳሳየው፣ የቢሮውን ሰርቨር በአስተዳዳሪ ሥልጣን የተቆጣጠረ ሰው በቀላሉ የሚታይ ዱካ ሳይተው ወደ ክላውዱ ሊሻገር ይችላል። ምክንያቱም ሁለቱ ወገኖች በአንድ የጋራ መታወቂያ ይገለገሉ ነበር። ስለዚህ አዲሱን ስሪት መጫን ብቻ አይበቃም፤ ለቢሮው ሰርቨር የራሱን መታወቂያ አውጥቶ የድሮውን ቁልፍ መሰረዝ ያስፈልጋል።

ለባህር ዳር ሰው ደግሞ ከዚህ የሚብስ ጥያቄ አለ። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር ዶ/ር አምባቸው መኮንን በከተማዋ ሲገደሉ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጧል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተዘግቶ ነበር። መስመር ጨርሶ በጠፋበት ቀን ክላውድ ላይ ያለ ሳጥን አይከፈትም። የቢሮው ሳጥን ግን በግቢው ኔትወርክ ይሠራል፤ ከሒሳብ ክፍል የተላከው ለሕግ ክፍል ይደርሳል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያዩት ወጥመድ አለ። የመግቢያ ማረጋገጫው በክላውድ በኩል እንዲሆን ከተደረገ፣ ሰርቨሩ እዚሁ ሕንፃ ውስጥ እያለ ሠራተኛው በር ላይ ይቀራል። ከውጭ የሚመጣውን መልዕክት ቀድሞ የሚቀበለው ክላውዱ ከሆነም፣ ለቢሮው ለማድረስ 24 ሰዓት ያህል ሞክሮ ካልሆነለት አለመድረሱን ለላኪው ያስታውቃል። መስመር ሳምንት ሙሉ ሊጠፋ በሚችልበት ከተማ 24 ሰዓት ምንም አይደለም።

ስለዚህ የማን ሳጥን ባህር ዳር ይቅር፣ የማን ይሂድ የሚለው ለኮምፒዩተር ባለሙያው ብቻ የሚተው አይመስለኝም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ ከአገር ሲወጣ በመድረሻው በቂ ጥበቃ እንዲኖር ይጠይቃል። ውሳኔው የሥራ አመራሩ ነው፤ በቃለ ጉባዔ ይያዝ። በእኔ እምነት የሕግ፣ የሒሳብና የሰው ኃይል ሳጥኖች እዚሁ ቢቀሩ፣ መስክ የሚውለው ሠራተኛ ክላውዱን ቢጠቀም ይሻላል።

ዕድሳቱ ከመጀመሩ በፊት የመጠባበቂያ ቅጂው በእርግጥ የሚመለስ መሆኑ ይፈተሽ። ሲያልቅም አንድ ቅዳሜ የኢንተርኔቱን ገመድ ነቅሎ ማን መግባት እንደቻለ፣ ማን እንዳልቻለ መመዝገብ ነው።