«ማን ነው የወለደው?» ወይም የሆት ቸኮሌትና የቡና ወግ

የደብረ ብርሃን ሐምሌ ቀልድ አያውቅም። ዝናቡ አባርቶ ብርዱ ሲብስ አንድ ካፌ ገባንና ሆት ቸኮሌት አዘዝን። ወፈር ያለ፣ አረፋው ከላይ የተከመረ፣ ስኳሩ የማያሳፍር። አብረውን የነበሩት የአንዳችን እናት የመሐል ሜዳ ሰው ናቸው። ብርጭቆውን አየት አደረጉና «ይሄማ አጥሚት አይደል እንዴ? ማን ነው የወለደው?» አሉን።

ሳቅን። ጥያቄያቸው ግን ከሳቁ በኋላም አልለቀቀንም።

መንዝን ለማታውቁ፦ ማማ፣ ላሎና ጌራ የሚባሉት ምድሮች፣ ከነጎረቤታቸው ግሼ፣ አብዛኛው መሬታቸው ደጋና ውርጭ ነው። የጓሳ ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ገብስና በግ የኑሮ ምሰሶ፣ ከበግ ጠጉር የተሠራው ባና የብርድ መከላከያ ነው። እንዲህ ባለ አገር ትኩስና ጣፋጭ መጠጥ ከማንም በላይ ያስፈልጋል። ነበረም፤ አጥሚት። የገብስ ወይም የአጃ ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ ይፈላል፤ ቅቤና ማር ይገባበታል። ታዲያ ለአራስ ነው፤ ቢበዛ ለበሽተኛ። ጤነኛ ጎረምሳ ብርድ ስለመታው ብቻ አጥሚት ቢጠይቅ «ማን ነው የወለደው?» መባሉ ይጠበቃል። ድሎት ምክንያት ይፈልግ ነበር።

«ቡናስ?» ትሉ ይሆናል። «ቡና ከጥንት ጀምሮ የኛ አይደል?» እዚህ ላይ ቆም እንበል።

የሸዋ ነገሥታት ዘር የሚመዘዘው ከመንዙ ከነጋሲ ነው። ከዚያ ዘር የሆኑት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንቁጠር) አንኮበርን ይዘው ገዙ። በ1840ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሸዋ የመጡ አውሮፓውያን፣ ቡና ለክርስቲያኑ ክልክል እንደነበር ጽፈዋል። ምክንያቱ ጣዕሙ አልነበረም፤ የሙስሊም መጠጥ ስለሚባል ነበር። ከአንኮበር ቁልቁል ሲወረድ የምትገኘው አልዩ አምባ የአርጎባና የሐረር ነጋዴዎች የሚገናኙባት ገበያ ነበረች። ስለዚህ ቡናው ሩቅ አልነበረም፤ ከተራራው ሥር ነበር። ሩቅ የነበረው ፈቃዱ ነው።

ፈቃዱ የመጣው በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ አካባቢ ነው። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እንደሚነግሩን ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ቡና ይጠጡ ነበር፤ በ1881 ከግብፅ የመጡት አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥላቻ በማለዘብ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። እንግዲህ ቁጠሩት፦ በሸዋ ደጋ ክርስቲያን ቤት ረከቦት የተዘረጋው ከአራትና አምስት ትውልድ በፊት ነው። ዛሬ ግን «ከጥንት ከጠዋቱ» እንላለን፣ እንምላለን።

በስኒ ላይ መከራከር የኛ ብቻ አመል እንዳይመስላችሁ። ቸኮሌትም ፍርድ ቤት ቆሟል። ስፔናውያን ከሜክሲኮ ወስደው ሲለማመዱት «ጾም ይገድፋል ወይስ አይገድፍም?» የሚል ክርክር ተነሣ። አንቶኒዮ ዴ ሌዎን ፒኔሎ በ1636 በማድሪድ በዚሁ ጥያቄ ላይ ሙሉ መጽሐፍ አሳተመ። ካርዲናል ብራንካቺዮ ደግሞ በ1664 «ፈሳሽ ጾም አይገድፍም» ብሎ ፈረደለት። እንግሊዛዊው ቶማስ ጌጅ በ1648 ባሳተመው መጽሐፍ እንደጻፈው፣ በቺያፓስ እመቤቶቹ ቅዳሴ መሐል ትኩስ ቸኮሌት ያስመጡ ነበር። ጳጳሱ ሲከለክሏቸው ቤተ ክርስቲያኑን ጥለው ሄዱ። ጳጳሱ ታመው ሲሞቱም፣ በቸኮሌት መርዝ ተሰጣቸው የሚል ወሬ ተናፈሰ። (ወሬ ነው፤ እኛ የለንበትም።)

በዚያ ሁሉ ዘመን ቸኮሌት በዋናነት የሚጠጣ ነገር ነበር። የእንግሊዙ ፍራይ ኩባንያ በቅርጽ የወጣ፣ የሚበላ ቸኮሌት የሠራው በ1847 ነው፤ ሣህለ ሥላሴ ባረፉበት ዓመት። አንኮበር ቡናን ገና በጎሪጥ ስታይ፣ ብሪስቶል ቸኮሌት ማኘክ ጀምራለች ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የምናወራው ለምንድን ነው? ዛሬ ወጣት ካፌ ገብቶ ሆት ቸኮሌት ሲያዝ «መጤ ነገር፣ የፈረንጅ ቅብጠት፣ ባህላችንን ጣላችሁ» የሚል አይጠፋም። ካካዎው መጤ መሆኑ እውነት ነው፤ አብዛኛው የዓለም ካካዎ የሚመጣው ከምዕራብ አፍሪካ ነው። ነገር ግን ተናጋሪው በእጁ የያዘው ቡናም በቅድመ አያቶቹ ቤት «የነሱ» ተብሎ የተከለከለ ነበር። ቡናውን ሲጠጡ፣ ሲነግዱ የኖሩት ጎረቤቶቻችን ነበሩ። መጀመሪያ በነሱ ምክንያት ናቅነው፤ ከዚያ ወረስነው፤ ከዚያ ደግሞ «የኛ» ስንል የነሱን ስም ረሳን። የሚያሳፍረን ካለ ሆት ቸኮሌቱ አይደለም፤ ይሄ መርሳት ነው።

ስለዚህ የፈለጋችሁትን ጠጡ። «ይሄ የኛ አይደለም» የሚል ሰው ሲመጣ ግን፣ ስኒው ከማን ቤት እንደመጣ ጠይቁት።

የመሐል ሜዳዋ እናታችን በመጨረሻ «እስቲ ልቅመሰው» ብለው ብርጭቆውን ተቀበሉን። አንድ ጊዜ ፉት አሉ፤ ደገሙ፤ ሰለሱ። ከዚያ ፍርዳቸውን ሰጡ።

«ደህና ነው። ቅቤ ብቻ ይጎድለዋል።»