ወረቀቱ ከዓባይ ማዶ ይሠራል?

አጎቴ የጠመንጃ ፈቃዱን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ፌስታሉን በጨርቅ ቋጥሮ በኮቱ የውስጥ ኪስ ይዞት ይዞር ነበር። ወረቀቱ ላይ ስሙ፣ ቀበሌው፣ የመሣሪያው ዓይነትና ቁጥር በእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል፤ ከታች ሐምራዊ ክብ ማኅተም አለ። ደብረ ኤልያስ ገበያ ሲወጣ «ፈቃድ አለህ ወይ?» ያለው ሰው የለም፤ ሁሉም ያውቀዋል። የጠየቁት አንድ ቀን ብቻ ነው። ከ2012ቱ አዋጅ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ለለቅሶ በቡሬ በኩል ዓባይን ተሻግሮ ወደ ወለጋ ሲሄድ። ኬላ ላይ የቆመው ፖሊስ ልጁ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። ወረቀቱን ገለባብጦ አየና «አባቴ፣ ይቺ የእናንተ ወረዳ ወረቀት ናት፤ እዚህ አትሠራም» አለው። በትሕትና ነው ያለው። አጎቴም አልተከራከረም። ወደ ኋላ ተመልሶ መሣሪያውን ከወንዙ ወዲህ ካለ ዘመድ ቤት አኖረና ባዶ ትከሻውን ለቅሶ ደረሰ። ለእሱ ትውልድ ለቅሶ ላይ ያለ መሣሪያ መቆም ያለ ጋቢ የመቆም ያህል ነው፤ እስካሁን ሲያወራው ድምፁ ዝቅ ይላል።

ያ ፖሊስ ትክክል ነበር ወይ? ይህን ጥያቄ ይዤ ብዙ ቆይቻለሁ። ጋዜጠኛ ነኝ እንጂ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ሕገ መንግሥቱን ገልጦ ማንበብ ግን የማንም መብት ነው። አንቀጽ 51 የፌዴራሉን መንግሥት ሥልጣን ይዘረዝራል። ንዑስ አንቀጽ 20 ላይ ስለ ጦር መሣሪያ መያዝ ሕግ የሚያወጣው የፌዴራሉ መንግሥት እንደሆነ ተጽፏል። የክልል አይደለም፤ የወረዳማ ጭራሽ አይደለም። ይህ የተጻፈው በ1987 ነው። ሥልጣኑን ተጠቅሞ ራሱን የቻለ አዋጅ የወጣው ደግሞ በ2012። በመካከሉ 25 ዓመት አለ። በእነዚያ ዓመታት የወንጀል ሕጉ በሕገ ወጥ የመሣሪያ ዝውውር ላይ ይቀጣል፤ ሕጋዊው የትኛው ነው ለሚለው ግን ገበሬው በእጁ የነበረው የወረዳው ማኅተም ብቻ ነው።

እንግዲህ ፖሊሱም ትክክል ነው፣ አጎቴም ትክክል ነው። የጎደለው ሦስተኛው ወገን ነው።

ነገሩ ግን ከ1987 በጣም ይቀድማል። በእኛ አገር የጠመንጃ ጥያቄ «ሰው መሣሪያ ይያዝ ወይስ አይያዝ» ሆኖ አያውቅም። ጥያቄው «የማን ፈቃድ ነው? እስከ የት ያስኬዳል?» ነው። ይህን ጥያቄ ደግሞ መጀመሪያ የተጠየቅነው ራሳችን እንደ አገር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1890 የአውሮፓ ኃያላን ብራስልስ ላይ ተሰብስበው ወደ አብዛኛው የአፍሪካ ክፍል ዘመናዊ መሣሪያ እንዳይገባ የሚከለክል ስምምነት ፈረሙ። ምክንያታቸው የባሪያ ንግድን መግታት ነበር፤ ውጤቱ ግን ጠመንጃ በቅኝ ገዢው እጅ ብቻ እንዲቀር ማድረግ ሆነ። ኢትዮጵያ በዚያ መካከል በጂቡቲና በታጁራ በኩል መግዛቷን ቀጠለች። (ሻጮቹ መካከል ግጥም መጻፍ አቁሞ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ አንዱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1887 ለምኒልክ ጠመንጃ ይዞ ሸዋ ድረስ ወጥቷል። በንግዱም አልቀናውም ይባላል።) የጠመንጃዎቻችን ስሞች የዚያ ዘመን ቅሪት ናቸው። ውጅግራ ከፈረንሳዩ «ፉዚል ግራ»፣ ሰናድር ከእንግሊዙ ስናይደር፣ ምንሽር ከኦስትሪያው ማንሊከር። ጎጃም ውስጥ እነዚህን ስሞች የማያውቅ ሽማግሌ አታገኙም፤ የሠሪዎቹን አገር የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1923 የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን ስለ ባርነትና ስለ ጦር መሣሪያ ግዴታ ገብታ ነው። ነሐሴ 1922 ላይ ደግሞ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር ፓሪስ ላይ የመሣሪያ ማስገቢያ ውል ተፈራረመች። የውሉ ፍሬ ነገር ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ መሣሪያ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ፈቃድ ይግባ የሚል ነው፤ እያንዳንዱ መስፍን በየበሩ እንዳይገዛ። ለማዕከላዊው መንግሥት ትልቅ ድል ነበር። አምስት ዓመት ሳይቆይ ግን ጣሊያን ልትወር ስትዘጋጅ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ጣሊያን ፋብሪካ አላት፤ እኛ የነበረን ወረቀት ነው። የተፈረመው ፈቃድ በሚያስፈልግበት ቀን አልሠራም።

ይህን ያነሣሁት ጎጃሜው ገበሬ የፓሪስን ውል ያስታውሳል ብዬ አይደለም። እሱ የሚያስታውሰው ሌላ ነው፤ 1960ን።

በዚያ ዓመት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። ርስተኛው ጎጃሜ «መሬቴ ሊለካ ነው፤ ከተለካ ርስቴ አበቃ» ብሎ ፈራ። ይህ የታወቀው የታሪኩ ክፍል ነው። ብዙ የማይነገረው ደግሞ ቅሬታው በግብር ብቻ እንዳልተጀመረ ነው። የጠቅላይ ግዛቱ አስተዳዳሪ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ቀደም ብለው ሕዝቡ ጠመንጃውን እንዲያስመዘግብ፣ ለምዝገባውም እንዲከፍል ማድረጋቸው አንዱ የቁጣ ምንጭ ነበር። በሕዝቡ ዓይን ሦስቱ ነገሮች አንድ ናቸው፤ መሬት መመዝገብ፣ መሣሪያ መመዝገብ፣ ገንዘብ መክፈል። ሞጣ፣ ቢቸና፣ ቆላ ደጋ ዳሞት ሸፈቱ። ጦር ተላከ፣ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ መንግሥት አፈገፈገ፤ አስተዳዳሪው ተነሡ፣ ውዝፍ ግብር ተሰረዘ።

ከዚያ ወዲያ በጎጃም «ምዝገባ» የሚለው ቃል ንጹሕ ቃል ሆኖ አያውቅም። የደርግ ዘመን ደግሞ ጨመረበት። በ1969 በከተማ አሰሳ ተብሎ ቤት ለቤት መሣሪያ ሲፈተሽ የነበረውን ወሬ ገጠሩም ሰምቷል። 1983 መጣ፤ ትጥቅ የሚፈታና ሚሊሻ ሆኖ የሚታጠቅ ተለየ። እያንዳንዱ መንግሥት ሲገባ አንዱን ያስታጥቃል፣ ሌላውን ያስፈታል፤ ለሁለቱም ሥራ ዝርዝር ያስፈልገዋል። ገበሬው ከዚህ የተማረው ቀላል ነው። ዛሬ የጻፍከው ቁጥር ነገ በራፍህ ላይ ይቆማል።

ስለ አሜሪካ ትንሽ ልበል፤ ነገሩ ተገልብጦ የሚታየው እዚያ ነው። በአሜሪካ ሽጉጥ በልብስ ሥር ደብቆ ለመያዝ ፈቃድ የሚሰጠው ክልላዊ መንግሥታቸው፣ እነሱ «ስቴት» የሚሉት ነው። የአንዱን ፈቃድ ሌላው ሊቀበልም ላይቀበልም ይችላል። ቴክሳስ የብዙዎችን ይቀበላል፤ ኢሊኖይና ካሊፎርኒያ የሌላውን ፈቃድ አይቀበሉም። ቨርሞንት ደግሞ ከነአካቴው ፈቃድ የሚባል ነገር የላትም፤ ነዋሪዋ በአገሩ ያለ ወረቀት ይይዛል፣ ድንበር ሲሻገር ግን የሚያሳየው ወረቀት ስለሌለው ይቸገራል። የአጎቴ ተቃራኒ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የአንዱ ስቴት ፈቃድ በሁሉም ይሥራ የሚል ረቂቅ በተወካዮች ምክር ቤታቸው 231 ለ198 አለፈ፤ ሴኔቱ ግን አላጸደቀውም። የተቃዋሚዎቹ ክርክር ቀልድ አይደለም፤ «ጎረቤቴ ያለ ሥልጠናና ያለ ማጣሪያ የሰጠውን ፈቃድ እኔ ለምን ልቀበል?» ነው። እነሱ ጋ ሥልጣኑ የታች ሆኖ ወደ ላይ ሊያወጡት ይጣላሉ። እኛ ጋ ሥልጣኑ በጽሑፍ የላይ ሆኖ 25 ዓመት ታች ሲሠራበት ኖረ።

ስለ መደበቅ ካነሣን፤ በልጅነቴ ባየሁት ደብረ ኤልያስ ጠመንጃ አይደበቅም። ትከሻ ላይ አፈሙዙ ወደ ሰማይ፣ ወይም አንገት ላይ አግድም፣ ሁለት እጅ ተንጠልጥሎበት ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ከቅጽሩ ውጭ ዛፍ ያስደግፉታል። ጋቢ ሥር ሽጉጥ የሚይዝ ሰው ነገር የፈለገ ሰው ነው፤ ደመኛ ያለው፣ ወይም ከተማ የለመደ። አሜሪካዊው ግልጹን ነውር፣ ስውሩን ጨዋነት አድርጎ ሲያስብ እኛ ተቃራኒውን እናስብ ነበር። አሁንስ? አሁን የሚደበቀውም የሚታየውም ያስፈራል።

ወደ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 እንመለስ። እኔ በመርህ ደረጃ ደግፌዋለሁ፤ ዛሬም አልክድም። መሣሪያ የመያዝ ልማድ ባለበት አካባቢ ሰው ቀድሞ የያዘውን አስመዝግቦ ፈቃድ የሚያገኝበትን በር ከፍቷል፤ ይህ ለእኛ አገር ትልቅ ነገር ነበር፣ ልማዱን ወንጀል አላደረገውም። ዋናውን የመቆጣጠር ሥልጣን ለፌዴራል ፖሊስ ሰጥቷል። በሥርዓቱ ቢሠራ ኖሮ አጎቴ ያንን ኬላ የሚያልፍበት፣ ቢያንስ ለምን እንደማያልፍ የሚያውቅበት አንድ አገራዊ መዝገብ ይኖረን ነበር። የባሕር ዳር መንጃ ፈቃድ ነቀምት ላይ ይሠራል አይደል? ደም መመለስ ስንት ቤት እንደዘጋ፣ በሠርግና በጥምቀት የሚተኮስ ጥይት ወድቆ ማንን እንደሚያገኝ የምናውቅ ሰዎች «ቁጥጥር አያስፈልግም» ልንል አንችልም።

ግን መቼ ወጣ? መንግሥትና ሕዝብ በማይተማመኑበት ሰዓት። ክልሎች ልዩ ኃይል እያሠለጠኑ፣ የአንዱ ክልል ታጣቂ ለሌላው ስጋት እየሆነ ባለበት። ገበሬው መዝገቡን ማን እንደሚያነበው ጠየቀ፤ አጥጋቢ መልስ የሰጠው የለም። ብዙ ሳይቆይ የሰሜኑ ጦርነት መጣና ያው ገበሬ «መሣሪያ ያለህ ውጣ» ተባለ። ወጣም። ጦርነቱ ቆመ፣ በመጋቢት 2015 መጨረሻ የክልል ልዩ ኃይሎችን መልሶ የማደራጀት ውሳኔ ተሰማ። በግንቦት እዚሁ ደብረ ኤልያስ ወረዳ፣ ሥላሴ ገዳም አካባቢ ውጊያ ሆነ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ለ6 ወር፣ ቀጥሎ ለ4 ወር ተራዘመ። በዚያ ጊዜ ፈቃድ ያለውንና የሌለውን ለይቶ ወረቀት የሚያነብ ማን ነበር? ማኅተም ያለበት ወረቀት መያዝ ከአንዱ ወገን «ታጥቀሃል» ያስብላል፤ ከሌላው ወገን «ተመዝግበህላቸዋል»።

እዚህ ላይ አንባቢ «እና መፍትሔው?» ይለኝ ይሆናል። የማምንበትን አንድ ነገር ልናገር። ምዝገባ የሚሠራው ተመዝጋቢው በመመዝገቡ የሚያገኘው ነገር ሲኖር ነው፤ ኬላ ላይ የሚከበር ወረቀት፣ በሕግ አግባብ እንጂ በአንድ ኃላፊ ቃል የማይነጠቅ፣ ቢነጠቅም ደረሰኝ ተሰጥቶት ፍርድ ቤት አቤት የሚልበት ፈቃድ። የምንጠይቀውን ግዴታ ስናውቅ የምንሰጠውን ዋስትና ጽፈን አናውቅም። 1960 ላይ ክፍያ እንጂ ዋስትና አልነበረም። 2012 ላይ ዋስትናው ወረቀት ላይ ነበረ፤ አገሩ ግን አልጠበቀውም።

ባለፈው ከአጎቴ ጋር በስልክ አወራን። ኔትወርክ የተገኘበት ቀን ነበር። ልጁ ፈቃዱን እንዲያቃጥለው ትጨቀጭቀዋለች፤ «ቁጥሩ አለበት፣ ስምህ አለበት» እያለች። እሱ አሻፈረኝ ብሏል። ከነፌስታሉ ዳዊቱ ውስጥ አስገብቶታል። «መንግሥት ማኅተም ያደረገበትን እኔ አላቃጥልም» አለኝ። ጠመንጃው የት እንዳለ አልጠየቅሁትም። እሱም አልነገረኝም።