የቲቢ መድኃኒት ኢታምቡቶልና ዓይንዎ

ለቲቢ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ኢታምቡቶል አልፎ አልፎ የዓይን ነርቭን ይጎዳል። ዓይን ብዙውን ጊዜ ስለማይቀላና ስለማያም ጉዳቱ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ምልክቱ ብዥታ ወይም ቀይና አረንጓዴን መለየት ማቃት ነው። የኩላሊት ሕመም ካለብዎ አደጋው ይጨምራል፤ ለሐኪምዎ አስቀድመው ይንገሩ።

በየሳምንቱ አንድ ዓይንዎን ሸፍነው በሌላው ያንኑ ጽሑፍ ከተመሳሳይ ርቀት ያንብቡ፤ ከዚያ ይቀይሩ። ለውጥ ካዩ ቀኑን፣ የትኛው ዓይን እንደሆነና የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ጽፈው በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋምዎ ይሂዱ፤ ቀጠሮ አይጠብቁ። ኢታምቡቶል ቶሎ ከቆመ እይታ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ሆኖም መድኃኒቶቹ በአንድ ክኒን ተቀላቅለው ስለሚሰጡ የትኛው እንደሚቆም የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ሕክምናውን በራስዎ አያቋርጡ። (እንባዎ ብርቱካናማ ቢሆን ግን አይደንግጡ፤ የሪፋምፒሲን ቀለም ነው።)

ባለሙያው ቢጫውን የጎንዮሽ ጉዳት ቅጽ ሞልቶ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እንዲልክ ይጠይቁ። እርስዎም በነጻ ስልክ 8482 ማሳወቅ ይችላሉ።