«ዳይ»፦ የአንድ መሣሪያ ስያሜ ታሪክ

የተተኮሰን ቀለህ በቤት ውስጥ መልሶ መሙላት በተለይ በአሜሪካ በአዳኞችና በዒላማ ተኳሾች ዘንድ የተስፋፋ ሙያ ነው። ዋናው መሣሪያ በእንግሊዝኛ «ዳይ» ይባላል፤ ይኸውም ቀለሁ ተገፍቶ ሲገባበት ቅርጽ የሚያስይዝ፣ ውስጡ የተቦረቦረ ጠንካራ ብረት ነው። ቃሉ ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ የተወሰደ ሲሆን ከዕጣ መጫወቻው ጠጠር ስም ጋር አንድ ነው፤ የሚለዩት በብዙ ቁጥር ብቻ ነው፤ መጫወቻው «ዳይስ»፣ መሣሪያው «ዳይዝ» ይሆናል። ጀርመንኛ በበኩሉ ማሕፀን ከሚለው የላቲን ቃል «ማትሪጸ»ን አውጥቷል። ሁለቱም ስሞች የመሣሪያውን ሥራ አይናገሩም።

የአምራቾቹም ስሞች ከዚህ አይሻሉም። ጆን ባርሎው እ.ኤ.አ. በ1884 በኮነቲከት ያቋቋመው «አይዲል» የተባለ ድርጅት የሠራው መሙያ ጉጠት መሰል የእጅ መሣሪያ ነበር። በ1943 ፍሬድ ሀንቲንግተን በካሊፎርኒያ የጀመረው «አርሲቢኤስ» ደግሞ ስሙ የአራት ቃላት ምሕጻር ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ «ሮክ ቸክ» የተባለውን የአይጥ ወገን እንስሳ፣ የቀሩት የእርሳስ መቅረጫን ያመለክታሉ። በጦርነቱ ጊዜ እርሳስ ጠፍቶ ስለነበር መሥራቹ ከትናንሽ ቀለሆች የእርሳስ ልባስ ይሠራ ነበር። ድርጅቱ ዛሬ በይበልጥ የሚታወቀው በመሙያ መሣሪያዎች ቢሆንም ስሙ አልተለወጠም።

የእኛ ተርጓሚ ግን በዚህ ልማድ ሊሄድ አይገባውም እንላለን። ቀለህ ሲተኮስ ያብጣል፤ የመጀመሪያው ዳይ ጨምቆ ወደ ቀድሞ ልኩ ይመልሰዋል። እንግሊዝኛው ስያሜ መጠንን ስለሚጠቅስ «መለኪያ» ብሎ መተርጎም ይቀላል፤ አንባቢው ግን የሚለካ እንጂ የሚጨምቅ መሣሪያ አይመስለውም። ስለዚህ ቀለሁን በቅባት ሳያለሰልስ ያስገባውና እዚያው ይነክስበታል። ዳይው ትከሻውን ከልክ በላይ ወደ ኋላ ከገፋው ደግሞ ቀለሁ በየተኩሱ እየተለጠጠ ከግርጌው አጠገብ ሊበጠስ፣ ጋዙም ወደ ተኳሹ ሊያፈተልክ ይችላል። «ልክ መላሽ» ብንለው ሥራው በስሙ ይታወቃል።

ሁለተኛው ዳይ እርሳሱን በቀለሁ አፍ ይሰካል፤ ብዙ ጊዜም በዚያው ጉዞ የአፉን ጠርዝ ያጥፋል። ዝቅ ብሎ ከታሰረ እርሳሱ ገና ሳይደላደል ጠርዙን ስለሚነክስ የቀለሁ ትከሻ ያብጣል፤ ጥይቱም ጠመንጃው ውስጥ አልገባ ይላል። ሁለቱንም ዳይ «ማስተካከያ» ያለ ተርጓሚ አንባቢውን ጥፋት ወደሌለበት መሣሪያ ይመራዋል። «እርሳስ ሰኪ» እና «ጠርዝ አጣፊ» ተለይተው መጠራት አለባቸው።

በዚህ ረገድ አማርኛ ድኻ አይደለም። «ጥይት» ሙሉው፣ «እርሳስ» ተወርዋሪው፣ «ቀለህ» ቅርፊቱ ነው። «ስናድር»ን ከጃኮብ ስናይደር ስም በውሰት ስንቀበል እንኳ ለክፍሎቹ የራሳችን ቃላት አልጠፉብንም። ሆኖም «ቡለት» የሚለውን በልማድ «ጥይት» እያሉ የሚተረጉሙ አሉ፤ በዚህም «እርሳሱን ስካ» የሚለው መመሪያ «ጥይቱን ስካ» ሆኖ ይነበባል።