ወደ ጅንባር ፏፏቴ የሚደረግ የማለዳ የእግር ጉዞ፦ ለአገር ውስጥ ጎብኚዎች የቀረበ መረጃ

የጅንባር ፏፏቴ የሚገኘው በአማራ ክልል፣ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ በሳንቃ በርና በግጭ ካምፖች መካከል ነው። የጅንባር ወንዝ የግጭን አምባ አቋርጦ ጠርዙ ላይ ሲደርስ 500 ሜትር ያህል ቁልቁል ወደ ገደሉ ይወረወራል። ጎብኚው ፏፏቴውን የሚያየው ከግርጌው ሆኖ ሳይሆን ከሸለቆው ማዶ፣ ፊት ለፊት ካለ የገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ነው። በመሆኑም የጉዞው ውጤት በአየሩ ጥራት ይወሰናል። ፀሐይ ከፍ ስትል ከቆላው የሚነሣው እርጥብ አየር ወደ አምባው እየወጣ ጉም ይሆናል፤ ከቀትር በኋላ የሚደርስ ሰው የውኃውን ድምፅ ሰምቶ ውኃውን ሳያይ የሚመለስበት ቀን ጥቂት አይደለም። ጉዞው በማለዳ እንዲደረግ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ማለዳውን ለመጠቀም ግን የመግቢያ ጉዳዮችን በዋዜማው መጨረስ ያስፈልጋል። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው ከጎንደር በስተ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በደባርቅ ከተማ ነው። የመግቢያ ክፍያ የሚፈጸመውና ጎብኚዎችን አጅቦ የሚሄደው የታጠቀ ስካውት የሚመደበው በዚያው ነው። ያለ ስካውት ወደ ፓርኩ መግባት አይፈቀድም። ለኢትዮጵያውያን የተወሰነው የመግቢያ ዋጋ ከውጭ አገር ዜጎች ዋጋ ያነሰ ስለሆነ ዜግነትን የሚያረጋግጥ መታወቂያ መያዝ ይገባል። አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይ ወይም የጭነት በቅሎ የሚፈልጉም እዚያው ማነጋገር ይችላሉ። ጠዋት ደባርቅ ደርሶ ወረፋ የያዘ ተጓዥ ሳንቃ በር የሚደርሰው ጉሙ ከመጣ በኋላ ነው ማለት ይቻላል።

ከደሴ፣ ከሐይቅና ከቢስቲማ አካባቢ የሚነሡ ተጓዦች በወልድያ፣ በጋሸና፣ በደብረ ታቦርና በወረታ በኩል ጎንደር መድረስ ይችላሉ። መንገዱ ረጅም በመሆኑ ጎንደር ላይ አድሮ በማግሥቱ ወደ ደባርቅ መቀጠል ይመረጣል። ከመነሣታቸው በፊት ግን የመንገዱንና የአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታ፣ እንዲሁም ፓርኩ በወቅቱ ጎብኚ የሚቀበል መሆኑን ከሚመለከታቸው ጽሕፈት ቤቶች ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል።

ከደባርቅ እስከ ሳንቃ በር ያለው 35 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የጠጠር መንገድ በተሽከርካሪ ይታለፋል። ሳንቃ በር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለ ካምፕ ሲሆን የእግር ጉዞው ከዚያ ይጀምራል። መንገዱ የገደሉን ጠርዝ ተከትሎ ወደ አስታው ጫካ ይገባል። አስታ በሌላ ቦታ ቁጥቋጦ ሆኖ ቢታወቅም እዚህ ቁመቱ ከሰው በእጅጉ የሚበልጥ ዛፍ ነው። ከቅርንጫፎቹም ከጉሙ እርጥበት የሚኖር ግራጫ ሽበት እንደ ጢም ተንዠርጎ ይታያል። በመካከሉ ቢጫ አበባ ያለው አምጃ ይገኛል፤ ጅብራ በብዛት የሚታየው ግን ከዚህ ከፍ ብሎ በግጭ አምባ ላይ ነው። ሌሊቱን በገደሉ ቋጥኞች ላይ ያደሩት ጭላዳ ዝንጀሮዎች ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ወጥተው ሣር መንጨት ይጀምራሉ፤ ማልዶ የተነሣ ሰው ይህንንም ያያል። ጭላዳ ሰው ሲቀርበው እምብዛም አይሸሽም፤ ቢሆንም ምግብ መስጠት የተከለከለ ነው።

ከጫካው የሚወጣው የመጨረሻው መንገድ ግራና ቀኙ ገደል በሆነ ጠባብ ጉብታ ላይ የሚያልፍ ነው። በዚህ ቦታ የስካውቱን ትእዛዝ መከተል፣ የሕፃናትን እጅ መያዝ፣ ለፎቶግራፍ ሲሉ ወደ ኋላ አለመራመድ ያስፈልጋል። ጠጠሩ በጤዛ ይንሸራተታል።

ፏፏቴው ውኃ የሚሞላው በክረምትና ክረምቱን ተከትለው በሚመጡት በመስከረምና በጥቅምት ነው። በክረምቱ ጉምና ጭቃ ስለሚበዛ የተሻለው ጊዜ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ነው። በየካቲትና በመጋቢት ሰማዩ የጠራ ቢሆንም ውኃው ቀጥኖ ይታያል፤ ለፏፏቴው ብቻ ብሎ በዚህ ወቅት ከሩቅ የሚመጣ ሰው ቅር ሊለው ይችላል።

በጋው ለጫካውም አደገኛ ወቅት ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በፓርኩ የተነሣው እሳት አስታውንና ጓሳውን አቃጥሏል። የአካባቢው ሕዝብ በቅጠልና በአፈር ከተከላከለው በኋላ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ሲረዱ ታይቷል። ስለሆነም ከተፈቀደው የካምፕ ሥፍራ ውጭ እሳት ማንደድም ሆነ የሲጋራ ቁራጭ መጣል በቸልታ የሚታለፍ ጥፋት አይደለም። ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ፣ ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት፣ በ2008 ዓ.ም.፣ የግጭ መንደር ነዋሪዎች የአያቶቻቸውን ቀዬ ለቀው በደባርቅ ሰፍረዋል። ዛሬ ጸጥ ብሎ የሚታየው አምባ ሰው ያልኖረበት ምድር አለመሆኑን ጎብኚው ቢያውቅ መልካም ነው።

ለጉዞው ወፍራም ልብስ፣ የዝናብ መከላከያ፣ የማይንሸራተት ጫማ፣ የሚበቃ የመጠጥ ውኃና ስንቅ ያስፈልጋሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ላይ ቅዝቃዜው ውርጭ ይጥላል። ከዝቅተኛ ቦታ የመጡ ሰዎች ራስ ምታት ወይም የትንፋሽ ማጠር ሊሰማቸው ስለሚችል ደባርቅ ወይም ሳንቃ በር አንድ ሌሊት ማደር ይጠቅማቸዋል። ምልክቱ ከጸና ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ ግድ ነው፤ የሆስፒታል አገልግሎት የሚገኘውም ደባርቅ ነው። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባቸው ሰዎች አስቀድመው ሐኪም ማማከር አለባቸው።

ፏፏቴውን አይቶ በመጣበት መንገድ ወደ ሳንቃ በር መመለስ በአንድ ቀን የሚያልቅ ጉዞ ነው። ወደ ግጭ ለመቀጠል የሚፈልግ ግን የጅንባርን ወንዝ ተሻግሮ ረጅም አቀበት ስለሚጠብቀው ድንኳንና የአዳር ስንቅ መያዝ፣ ይህንንም ደባርቅ ላይ ሲመዘገብ አስቀድሞ ማሳወቅ ይኖርበታል።