ከነጋሪት እስከ ኪስ ስልክ



ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን ላይ «ጥሩምባ ነፊው ይቅርና በሞባይል መልእክት ብቻ እንጠራራ» የሚል ሐሳብ ተነሥቶ፣ ግማሹ ደግፎ ግማሹ ተቃውሞ፣ ሳይወሰን ለሚቀጥለው ስብሰባ መተላለፉ ይታወሳል። በዚያው ዕለት ከአባሎቻችን መካከል ነጋዴ የሆኑት «እኛም ለደንበኞቻችን በዚሁ መንገድ እየላክን ነው፤ ጥቅሙን በዓይናችን አይተነዋል» ብለው መስክረዋል። እኛ ትምህርታችን ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ፣ ዕድሜያችንን ደብዳቤ ስንጽፍና መዝገብ ስናገላብጥ የጨረስን ጡረተኛ ነን። ሆኖም ግን ነገሩ ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደደረሰ ቢታወቅ ለውሳኔው ይረዳል በማለት ይህችን አጭር ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

እንደሚታወቀው በጥንት ዘመን በአገራችን ቃልን ለሕዝብ ማድረስ የነጋሪት ሥራ ነበር። በገበያ ቀን ነጋሪት ይጎሰማል፤ ሕዝብ ይሰበሰባል፤ አዋጅ ነጋሪው ቃሉን ያሰማል። ገበያ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከየአገሩ የመጣ ሰው የሚገናኘው እዚያ ስለሆነ፣ ጨው ሊገዛ የመጣው ወሬውንም ጭኖ ይመለሳል። «የሰማህ ላልሰማው አሰማ» መባሉም ስለዚሁ ነው። በ1934 ዓ.ም. የመንግሥት ሕግ የሚወጣበት ጋዜጣ ሲቋቋም «ነጋሪት ጋዜጣ» ተብሎ ተሰየመ። ከበሮው ወደ ወረቀት ቢዛወርም ስሙን ይዞ ሄደ ማለት ነው።

ነጋዴውም የራሱ ነጋሪት ነበረው። ቆራሌው «ቆራሌው!» እያለ ሲያልፍ አሮጌ ጠርሙስ ያላት እናት ከጓዳ ትወጣለች። ሊስትሮው ሳጥኑን በብሩሽ ጀርባ ሲመታ ጫማው የቆሸሸ ሰው ዞር ይላል። እነዚህ ሰዎች ማስታወቂያን በትምህርት ቤት አልተማሩም፤ ነገር ግን ዋናውን ቁም ነገር ያውቁታል። አጭር ነው፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ የማይፈልግ ሰው ደግሞ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል።

የእኛ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊም ከዚሁ ወገን ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ጥሩምባውን ነፍቶ የሚናገረው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የት እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ። ከዚያ በላይ አይጨምርም። በደንብ ያልሰማ ሰው በአጥር ላይ «ማን አሉ?» ብሎ ጎረቤቱን ይጠይቃል። ይህቺን «ማን አሉ?» የምትለዋን ቃል አንባቢ እንዳይረሳት፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ቀጥሎ ሽቦ መጣ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የሐረርና የአዲስ አበባ የስልክ መስመር ተዘረጋ፤ ቴሌግራምም ተከተለ። በእኛ የሥራ ዘመን ቴሌግራም ማርቀቅ የጸሐፊው ሥራ ነበር። ሒሳቡ በቃል ቁጥር ስለሆነ አለቃችን ረቂቁን ይቀበሉና በቀይ እስክሪብቶ ይሠርዙት ነበር። «በታላቅ አክብሮት እንገልጻለን» የሚለው ይወጣል፤ «እናስታውቃለን» የሚለውም ይወጣል። የሚቀረው «ዕቃው ደርሷል ሰው ላኩ» ነው። እኛ ወጣት ሳለን ይህን እንደ ንፉግነት እንቆጥረው ነበር። ዛሬ ስናስበው ግን ትልቅ ትምህርት ኖሯል፤ ቃል ገንዘብ ሲሆን ሰው ቁም ነገሩን ይፈልጋል።

አሁን ወደ ሞባይሉ መልእክት እንምጣ። በ1977 ዓ.ም.፣ ማለትም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1985፣ ፍሪድሄልም ሂለብራንድ የተባሉ የጀርመን መሐንዲስ ቤታቸው ቁጭ ብለው በጽሕፈት መኪና ልዩ ልዩ ዓረፍተ ነገርና ጥያቄ እየጻፉ ፊደሉን ይቆጥሩ ነበር። ምን ሆነው ነው ቢሉ፣ በተንቀሳቃሽ ስልክ ለሚላክ አጭር ጽሑፍ ስንት ፊደል እንደሚበቃ ለመወሰን ነው። አብዛኛው ዓረፍተ ነገር 160 ፊደል አይሞላም። የፖስታ ካርድንና የቴሌክስን ጽሑፍ ሲመረምሩም ሰው በአጭሩ መጻፍ እንደሚያውቅ ተረዱ። ስለሆነም 160 በቂ ነው ተባለ። እኛ ዕድሜ ልካችንን በጽሕፈት መኪና ላይ ያጎነበስን ሰዎች ይህን ስንሰማ ትንሽ ኩራት ቢሰማን አይፈረድብንም፤ የዚህ ሁሉ ነገር ልክ የተቆረጠው በጽሕፈት መኪና ነዋ!

ቁጥሩ እንዲህ ያነሰበት ሌላም ምክንያት አለ። ስልካችንና የአንቴናው ማማ ሁልጊዜ በትንሽ የአገልግሎት መስመር ይነጋገራሉ። ጥሪ ሲመጣ የሚነገረው በዚያች መስመር ነው። አጭሩ መልእክት የተጫነው በዚህችው ቀጭን መስመር ላይ ስለሆነ ሸክሙ ቀላል መሆን ነበረበት። ከዚያም ኅዳር 24 ቀን 1985 ዓ.ም. ኒል ፓፕወርዝ የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ መሐንዲስ ከኮምፒዩተር ላይ ሆኖ ሪቻርድ ጃርቪስ ለተባሉ የቮዳፎን ኩባንያ ሰው «መልካም ገና» ብሎ ላከ። የመጀመሪያው መልእክት ይህ ነው። የጃርቪስ ስልክ መልስ መጻፊያ ስላልነበረው መልስ አልተጻፈም። ልብ በሉ፤ ነገሩ ሲጀመርም አንዱ ተናጋሪ፣ ሌላው ሰሚ ብቻ ነበር።

ሞባይል አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። የግዕዝ ፊደልም ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው በዚያው በፈረንጆች ዓመት፣ በ1999 ነው። ሆኖም ግን ያኔ ስልኮቻችን ፊደላችንን ስለማያውቁ ሁላችንም አማርኛን በላቲን ፊደል እየጻፍን ስንት ስሕተት ሠራን! «አለ» ይሁን «አላ» ሳይለይ ስንቱ ተጣላ። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት ተቋርጦ፣ የተመለሰው ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ በሚሌኒየሙ በዓል ሰሞን መሆኑም ይታወሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር እንግለጽ። የአንድ መልእክት ቋት 1120 ቢት የሚባሉ ጥቃቅን ምልክቶች ይይዛል። ለአንድ የላቲን ፊደል 7 ይበቃዋል፤ ስለዚህ 160 ፊደል ይገባል። የእኛ አንድ ፊደል ግን 16 ይፈልጋል፤ ስለዚህ 70 ብቻ ይገባል። በላቲን በተጻፈ መልእክት ውስጥ አንድ የአማርኛ ፊደል ብቻ ብትገባ እንኳ መላው መልእክት በ70 ልክ ይቆጠራል። ከ70 ካለፈ ደግሞ ባለ 67 ፊደል እየሆነ ይከፋፈላል፤ ሒሳቡም እንደዚያው በቁራሹ ነው። በአማርኛ መላክ ውድ ነው የሚሉ ነጋዴዎች አልዋሹም። ነገር ግን አንዷ ፊደላችን ተነባቢውንም አናባቢውንም አንድ ላይ ስለምትይዝ 70 ብዙ ነው። ምሳሌ እንስጥ፦ «ወ/ሮ እገሊት አርፈዋል። ቀብር ነገ 6 ሰዓት ዮሴፍ። ድንኳን ቤታቸው። ዕድሩ»። ቁጠሩት፤ ከነክፍተቱ 48 ነው። ማን፣ የት፣ መቼ፣ ላኪውም ጭምር ተነግሮ 22 ቦታ ተረፈ። የአለቃችን ቀይ እስክሪብቶ ትዝ አላለችሁም?

ለንግድና ለደንበኛ አገልግሎት ይህ መልእክት ጥሩ ሥራ መሥራቱን አንክድም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ዋጋን በሰሌዳ፣ በስልክና በአጭር መልእክት ማሳወቅ ጀመረ። ቀድሞ ገበሬው የቡናውን ዋጋ የሚሰማው ከገዢው አፍ ነበር። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ 8028 የሚባለውን መስመር ለገበሬው ከፈተ። ለሕዳሴው ግድብ «A» ብለን ወደ 8100 የላክነውም ብዙ ነን። ባንኮች ገንዘብ ሲገባና ሲወጣ በመልእክት ይነግሩናል። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ደግሞ መልእክቱ እንደ ደረሰኝ ሆኗል፤ ባለሱቁም «መልእክቱ ገባ?» ብሎ ይጠይቃል።

ሩቅ ሳንሄድ በሠፈራችን ያለችውን ባለወፍጮ እንመልከት። መብራት ሲጠፋ እህል ተሸክሞ የሚመላለሰው ሰው ብዙ ነበር። አሁን ስልካቸውን በደብተር ለሰጧት ደንበኞች «መብራት መጥቷል። እህል ያላችሁ እስከ 12 ሰዓት ኑ» ትላለች። ሌላ ቀን ምንም አትልክም። ልብስ ሰፊውም «ቀሚስዎ ደርሷል» ብሎ ይልካል እንጂ በየቀኑ ደህና አደራችሁ አይልም። የእነዚህን ሰዎች መልእክት ሰው ወዲያው ይከፍተዋል፤ ምክንያቱም ጠይቆ ያገኘው፣ የሚጠቅመውም ነው።

ሌላው ዓይነት ግን ስልካችንን ሞላው። አንድ ጊዜ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር «እንኳን ደስ አለዎት» ብሎን፣ ምን እንደነካን ሳናውቅ ተመዝግበን፣ በየቀኑ ከካርዳችን ብር ሲቆረጥ ከረመ። በዚያው ላይ የዕጣ፣ የቅናሽ፣ የመሬት፣ የምኑ የምኑ መልእክት ይጎርፋል። በመጨረሻ እኛም ስልኩ ጢን ሲል ማየቱን ተውነው። ከዚህ ቀጥሎ የምንነግራችሁን የምንጽፈው እያፈርን ነው።

ባለፈው ዓመት በክረምት ለሠላሳ ዓመት ጎረቤታችን የነበሩ ሰው ዐረፉ። ያን ሰሞን ጥሩምባ ነፊያችን ታመው ስለነበር የዕድሩ ጸሐፊ በመልእክት ብቻ ጠሩ። መልእክቱ በሌሊት ስልካችን ገብቷል፤ ከበላዩ ግን አሥራ ሰባት ማስታወቂያ ተጭኖበታል። የጎን ጎረቤታችን «መልእክቱ ደርሷቸዋል» ብሎ ሳይጠራን ሄደ። እኛ በወሬ ሰምተን ስንሮጥ፣ ሰው ከቀብር ተመልሶ እጁን ሲታጠብ ደረስን። የሟች ልጅ አየችንና «ጋሼ፣ አሞዎት ነበር እንዴ?» አለችን። የቀሪ ቅጣቱን ከፍለናል፤ እሱስ ቀላል ነው። ለዚያች ልጅ ጥያቄ ግን እስካሁን መልስ አላገኘንም።

ጸሐፊው «ልኬያለሁ» ብለዋል፤ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን የተላከ መልእክት መጀመሪያ የሚያርፈው በቴሌው የመልእክት ማዕከል ነው። ስልኩ ከተዘጋ እዚያው ይቆያል፤ ሲከፈት ይላካል። ስልክ ውስጥ ገባ ማለትም ተነበበ ማለት አይደለም። ትልቁ ልዩነት ይህ ነው። ጥሩምባ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚነገር፣ ያልሰማው «ማን አሉ?» ይላል፤ የሰማው ላልሰማው ያሰማል። የኪስ ስልክ ግን ለእያንዳንዱ ለብቻው ስለሚያንሾካሹክ፣ ጎረቤት ለጎረቤት መንገሩን ተወ። መልእክት መልእክት የሚሆነው ሲላክ ሳይሆን ሲሰማ ነው።

ስለሆነም ለሚቀጥለው ስብሰባ የሚከተለውን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ የዕድሩ መልእክት ይቀጥል። ሥራ ቦታ ያለውና ሩቅ የሚኖረው አባል የሚሰማው በእሱ ነው። ነገር ግን ጥሩምባው አይቅር። ማንበብ የማይችሉ እናቶች፣ ዓይናቸው የደከመ አባቶች በዕድራችን ብዙ ናቸው።

ሁለተኛ፣ የዕድሩ መልእክት በአማርኛ ፊደል፣ ከ70 ሳያልፍ፣ ሁልጊዜ ከአንድ ቁጥር ይላክ። በዚያ ቁጥር የመዋጮ ማስታወሻም ሆነ የበዓል መልካም ምኞት አይላክበት። ያ ቁጥር ሲጮህ ሰው መደንገጥ አለበት።

ሦስተኛ፣ በየአሥር ቤቱ አንድ ሰው ይመደብና የአባሉን በር አንኳኩቶ «ሰምተሃል? ሰምተሻል?» ይበል።

አራተኛ፣ ነጋዴ የሆናችሁ አባሎቻችን የዕድሩን የስልክ መዝገብ ለንግዳችሁ እንዳትወስዱ በአክብሮት እንለምናለን። አባሉ ቁጥሩን የሰጠው ለሞቱና ለሐዘኑ ነው እንጂ ለቅናሽ ዋጋ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ሰው ሳይፈቅድ ማስታወቂያ መላክን ይከለክላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል። ሕጉስ ይቅር፤ ባለወፍጮዋን ምሰሉ። ፈቃድ ጠይቁ፤ ስማችሁን ጻፉ፤ ቁም ነገር ሲኖር ብቻ ላኩ፤ «አትላክብኝ» ያለውን ከደብተራችሁ ሠርዙ። ደንበኛም ይበረክትላችኋል።

ጥሩምባ ነፊያችን አሁን ተሽሏቸው ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። ድምፃቸው እንደ ድሮው አይደለም፤ ቢሆንም ሌሊት ስንሰማቸው ከአልጋችን ወርደን በሩን እንከፍታለን፤ የጎን ጎረቤታችንንም በአጥር ላይ «ማን አሉ?» እንለዋለን።

ቸር ወሬ ያሰማን።