የአፍ ውስጥ ወርቅ የማን ነው?

የሮም ሰዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ450 ገደማ ሕጋቸውን በዐሥራ ሁለት ሰሌዳ ጽፈው አደባባይ ሲያቆሙ፣ ካሳሰቧቸው ነገሮች አንዱ የቀብር ወጪ ነበር። ሴቶች በለቅሶ ፊታቸውን እንዳይቧጭሩ፣ ቤተሰብ ለይታይልኝ ብሎ ሀብቱን ከሬሳ ጋር እንዳያጠፋ፣ ከሟች ጋር ወርቅ እንዳይገባ ከለከሉ። ይሁንና ጥርሱ በወርቅ የታሰረ ሰው ሲሞትስ? ወርቁ ይነቀል? ሕጉ ይህንንም ሳይዘነጋ ለይቶ አስቀምጦታል፤ እንዲህ ያለው ሰው ከነወርቁ ቢቀበር ወይም ቢቃጠል ጥፋት የለበትም ይላል። ድንጋጌው ለእኛ የደረሰው ሲሴሮ ስለ ሕግ በጻፈው መጽሐፍ ስለጠቀሰው ነው።

ጥርስን በወርቅ የማሰር ጥበብ ያኔ በአካባቢው አዲስ አልነበረም። ከሮም በስተሰሜን የነበሩት ኤትሩስካውያን ስስ የወርቅ ጥብጣብ በፊት ጥርሶች ዙሪያ ያስሩ ነበር። አጥንቶቹን የመረመሩ ሊቃውንት እንደሚሉት አብዛኞቹ ባለወርቆች ሴቶች ናቸው፤ ለሕክምና ብቻ ሳይሆን ለጌጥም ይደረግ ነበር ብለው ያምናሉ። ፊት ለፊት ባለ ጤነኛ ጥርሷ ላይ ወርቅ አስለብሳ ስትስቅ ብልጭ የሚልባትን ያገራችንን ሴት ለሚያስታውስ አንባቢ ይህ እንግዳ ወሬ አይሆንበትም።

ጥብጣቡ ግን ዛሬ ክራውን የምንለው አይደለም። እንግሊዝኛው ነገሩን ዘውድ ይለዋል፤ የእኛ ሰው ጥርስ ማስለበስ ይላል፣ ለሥራውም የሚቀርበው ይኸኛው አጠራር ነው። የተበላ፣ የተሰነጠቀ ወይም ነርቩ ወጥቶለት የደከመ ጥርስ ዙሪያውን አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ይሞረድና፣ በልኩ የተሠራ ቆብ ይጠለቅበታል። ቆቡ ጫፉ ላይ ክፍተት ካለው ምግብና ተሕዋስ ገብተው ከሥር ያበሰብሱታል። ወርቅ ለዚህ ሥራ የተመረጠው ስለሚያምር ብቻ አይደለም። አይዝግም፣ ስስ ሆኖ ይሠራል፣ ጠርዙ ከጥርሱ ጋር ይገጥማል፣ ከላይ ወይም ከታች የሚነካውን ጥርስም አይፈጭም።

የዘመናዊው የጥርስ ሕክምና አባት የሚባለው ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር በ1728 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፉ፣ ሥሩ ብቻ በቀረ ጥርስ ውስጥ የወርቅ ወይም የብር ችንካር ተክሎ ሰው ሠራሽ ጥርስ እንዴት እንደሚቆም አስረድቷል። ከፎሻር ይበልጥ ሊደነቅ የሚገባው ግን ችንካሩ ሳይሆን ማሳተሙ ነው። በዚያ ዘመን ጥርስ ሠሪ የሚያውቀውን ለልጁ ወይም ለደቀ መዝሙሩ በሹክሹክታ ያወርስ ነበር እንጂ ለሕዝብ አይገልጥም።

ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ አሜሪካ ውስጥ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ የመጣው የጎማ ጣጣ ነበር። በሙቀት የጠነከረ ጎማ ለሰው ሠራሽ ጥርስ መደብ ሲሆን፣ ድኻም ሊገዛው የሚችል ጥርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገኘ። ከ1864 ጀምሮ ግን ሥራው በፓተንት ተያዘ፤ ጉድይር ዴንታል ቫልካናይት የተባለው ኩባንያ ከእያንዳንዱ ሐኪም የፈቃድ ገንዘብ ይጠይቅ፣ እምቢ ያለውን ይከስ ጀመር። የኩባንያው ገንዘብ ያዥ ጆሳያ ቤከን ከከተማ ከተማ እየዞረ ሐኪሞችን ፍርድ ቤት ያቆም ነበር። በ1879 በፋሲካ ዕለት ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ባረፈበት ሆቴል፣ ከሰሳቸው ሐኪሞች አንዱ የሆነው ሳሙኤል ቻልፋንት በሽጉጥ ገደለው። በጥርስ ሕክምና ታሪክ ውስጥ ስለ ፓተንት ተብሎ ደም የፈሰሰበት ቀን ነው። ነፍስ ማጥፋት በምንም አይመካኝም፤ ያም ሆኖ ብዙ የሙያው ሰዎች ለሟቹ ያሳዩት ኀዘን እምብዛም ነበር።

የጎማው ፓተንት በ1881 ሲያበቃ ሐኪሞቹ እፎይ አላሉም፤ ተራው የክራውን ሆነ። ካሲየስ ሪችመንድ የተባለ ሐኪም የሠራው ክራውን በእርግጥም ብልሃት ነበረው። ወደ ሥሩ የሚገባ ችንካር፣ ሥሩን ከውጭ እንደ ቀለበት የሚያቅፍ ወርቅ፣ ከፊት ደግሞ ጥርስ የሚመስል ሸክላ አለው። ቀለበቱ ሥሩ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል፤ ሐኪሞች ዛሬም ክራውን ሲሠሩ ከድዱ በላይ ጤነኛ የጥርስ ጠርዝ እንዲቀር የሚጨነቁት በዚሁ ምክንያት ነው። ሪችመንድ በ1883 ፓተንት ተሰጠው፤ ኢንተርናሽናል ቱዝ ክራውን ካምፓኒ የተባለ ድርጅት እነዚህን መብቶች ሰብስቦ ክስ ጀመረ። ነገሩ ከጎማው ይብሳል። ጎማ ቢያንስ ዕቃ ነው፤ እዚህ ግን የይገባኛል ጥያቄው ሐኪሙ በታካሚው አፍ ውስጥ በገዛ እጁ እስከሚሠራው ሥራ ድረስ ይዘልቅ ነበር።

ሐኪሞቹ በዚህ ጊዜ ሽጉጥ አላነሡም፤ እድር መሠረቱ ቢባል ይቀላል። የቺካጎው ጄ. ኤን. ክራውስ በ1888 የጥርስ ሐኪሞች መከላከያ ማኅበር አቋቋመ፤ አባላቱ ገንዘብ አዋጥተው፣ ከመካከላቸው አንዱ ሲከሰስ ጠበቃ የሚቆምለት በጋራ ነው። በ1891 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሪችመንድ ፓተንቶች ላይ በቀረበለት ሙግት ለኩባንያው ሳይሆን ለተከሳሹ ፈረደ።

በዚያው ዘመን ዲትሮይት ውስጥ ቻርልስ ላንድ ከወርቅ የራቀ ክራውን ይሞክር ነበር። ስስ የፕላቲነም ቅጠል በተሞረደው ጥርስ ላይ አልብሶ ቅርጹን ይወስዳል፤ በላዩ ሸክላ ቀብቶ በምድጃ ይጠብሳል፤ ከዚያ ፕላቲነሙን ላጥ አድርጎ ያወጣል። የሚቀረው ጥርስ የመሰለ ንጹሕ ሸክላ ነው። እሱም ፓተንት አውጥቶ ነበርና ባልደረቦቹ አልወደዱለትም። የልጁ ልጅ ቻርልስ ሊንድበርግ አትላንቲክን ብቻውን በአውሮፕላን ሲሻገር፣ ዓለም አያቱን የሚያውቅበት ምክንያት አልነበረውም።

ክርክሩ መልኩን ቀይሮ ሌላ ጊዜ ተነሣ። በ1907 ዊልያም ታጋርት የተባለ የኢሊኖይ ሐኪም ኒው ዮርክ ላይ ለሙያ ባልደረቦቹ አዲስ ዘዴ አሳየ። በሰም ቅርጹን ይሠራል፣ ሰሙን በልስን ይሸፍናል፣ በእሳት ሰሙን አቅልጦ ያወጣል፣ በባዶው ስፍራ የቀለጠ ወርቅ ይገፋበታል። ሰም ገብቶበት የነበረውን ቦታ ወርቅ ይወርሰዋል። እያንዳንዱን የወርቅ ቅጠል እየቀጠቀጡ ከጥርስ ጋር ያገጥሙ ለነበሩ ሰዎች ይህ ተአምር መሰላቸው። ዘዴው ግን የሺህ ዓመታት ዕድሜ አለው፤ በቤተ ክርስቲያኖቻችን ያሉት ብዙዎቹ ጥንታውያን የነሐስ መስቀሎች የወጡት ከዚሁ ዓይነት የሰም ቅርጽ ነው። ሰምና ወርቅ ስንል ቅኔውን ከማሰባችን በፊት አንጥረኛው ያውቀው ነበር።

ታጋርትም መሣሪያውንና ዘዴውን በፓተንት ይዞ ሐኪሞችን ከሰሰ። የተከሳሾቹ ወገን መዛግብት ሲያገላብጥ፣ ፊልብሩክ የተባለ የአዮዋ የገጠር ከተማ ሐኪም በ1897፣ ማለትም ዐሥር ዓመት ቀድሞ፣ ተመሳሳይ ዘዴ በክፍለ ሀገሩ የሐኪሞች ጉባኤ ፊት አቅርቦ እንደነበር ተገኘ። የተናገረው በጉባኤው መዝገብ ታትሟል፤ ልብ ያለው ግን አልነበረም። ያ የተረሳ ጽሑፍ የታጋርትን ክስ ጣለው። ፊልብሩክ ፎሻር እንዳደረገው የሚያውቀውን ለሁሉ ከመግለጥ በቀር ያደረገው የተለየ ነገር የለም።

የአፍ ወርቅ ታሪክ አንድ ጥቁር ምዕራፍ አለው። በ1940 ሂምለር ከሞቱ እስረኞች አፍ ወርቅ እንዲነቀል አዘዘ። በሞት ካምፖች ውስጥ እስረኞች ራሳቸው የወገኖቻቸውን ሬሳ አፍ እየከፈቱ ክራውንና ድልድይ እንዲነቅሉ ተገደዱ። ከ1942 ጀምሮ የተዘረፈው ወርቅ በአንድ የኤስ ኤስ መኮንን እጅ ወደ በርሊኑ የመንግሥት ባንክ ይገባ፣ ቀልጦም ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጥፍጥፍ ይሆን ነበር። የሮም ሕግ ለሟች የተወለትን፣ ዘመናዊ መንግሥት በደረሰኝ ወሰደው።

ወርቅ ከአፍ ወደ ዳር የተገፋው በሕግ ሳይሆን በዋጋ ነው። በ1962 ሸክላን ከብረት ጋር አዋሕዶ የሚጠብስ ዘዴ ፓተንት አገኘ፤ ነጭ ጥርስ ጠንካራ ብረት ከውስጡ ይዞ መጣ። በ1971 አሜሪካ ዶላርን ከወርቅ ስትለይ፣ ለዐሥርተ ዓመታት በ35 ዶላር ታስሮ የኖረው የአንድ ወቄት ዋጋ ተፈትቶ በጥር 1980 850 ዶላር ነካ። በ1985 ዙሪክ ላይ ኮምፒዩተር የጥርስን ቅርጽ አንብቦ ሙሌቱን በማሽን ሲፈለፍል ታየ፤ ዛሬ ብዙው ክራውን ዚርኮኒያ ከሚባል ነጭ ሸክላ የሚፈለፈለው የዚያ ዘዴ ልጅ ሆኖ ነው። ወጪው ግን ከታካሚው ትከሻ አልወረደም። የአሜሪካ የአረጋውያን የጤና መድን በ1965 ሲደነገግ ተራውን የጥርስ ሕክምና ወደ ውጭ ትቶታል፤ ጥርሱን በአንድ ጎን እያኘከ አዲስ አበባ የሚሄድበትን ክረምት የሚጠብቅ ሐበሻ ይህን ከማንም የተሻለ ያውቃል።

በአሮጌ አፎች ውስጥ ያለው ወርቅ ግን ገና አላለቀም። ሃምቡርግ ውስጥ ሬሳ በሚያቃጥል ተቋም የሚሠሩ ሰዎች ከአመዱ መካከል የጥርስ ወርቅ እየለቀሙ ሲሸጡ ተያዙ። ጠበቆቹ ወርቅ አመድ አይደለም ብለው ተሟገቱ። የጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2015 በሰጠው ውሳኔ፣ ከቃጠሎ በኋላ የቀረው ሁሉ፣ ከሟቹ አካል ጋር ተያይዞ የነበረው የጥርስ ወርቅ ጭምር፣ በሕጉ አመድ እንደሚባል፣ የነካውም የሙታንን ዕረፍት እንደደፈረ አስታወቀ።